የሚያፈስ ቧንቧና የሰው አገር ወደብ

እኔ የምለው... በዚህች ምድር ላይ ሐይቅ አይቶ የማያውቅ ሰው ቢኖር ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ነው! አትቆጡ! እስቲ እናንተ አርባ ምንጭ ያላችሁ፣ እውነቱን እንነጋገር። ዓባያን ለመጨረሻ ጊዜ ቆም ብላችሁ ያያችሁት መቼ ነው? ከአዲስ አበባ እንግዳ የመጣባችሁ ዕለት አይደል? እሱንም እንግዳው ፎቶ ሲነሳ ከኋላው ስለገባ ነው!

እኔ ደግሞ ከሁላችሁም የባስኩ ነኝ። ቤታችን የላይኛው ከተማ ሴቻ ነው፣ ገደሉ አፍ ላይ። በረንዳችን ላይ ለተቀመጠ ሰው የታችኛው ከተማ ሲቀላ ከሥር፣ ዓባያ በግራ፣ ጫሞ በቀኝ፣ እግዜር ድልድይ ደግሞ መሃል ላይ ተጋድሞ ይታያል። ፈረንጅ ይህንን ለማየት ውቅያኖስ ተሻግሮ ይመጣል። የእኔ ወንበር ግን ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ሳሎን አዙሯል። ቴሌቪዥኑ ያለው ሳሎን ነዋ!

ነገሩ የጀመረው በቧንቧ ነው። የግቢያችን ቧንቧ ማፍሰስ ጀመረ። ጠብ... ጠብ... ጠብ... ባለቤቴ ታደለች «እባክህ ይሄን ነገር አንድ በለው፣ ጭንቅላቴን በሳው!» አለችኝ። እኔም ነገር የሚገባኝ ባል ነኝና የቧንቧ አጠጋገን ቪዲዮ ልፈልግ ቴሌቪዥኑ ላይ ኢንተርኔት ከፈትኩ። ገና «ውሃ» ብዬ ስጀምር ምን ቢያመጣልኝ ጥሩ ነው? ወደብ! ፈረንጆች ረጅም ሕንፃ ላይ ካሜራ ሰቅለው ከተማቸውን ከነወደቡ በቀጥታ ያሳያሉ፣ ድምፅ የለው፣ ማስታወቂያ የለው። የከተማዋን ስም አልነግራችሁም። ደብቄ አይደለም፤ እስከ ዛሬ አንብቤ መጨረስ አቅቶኝ ነው።

አንድ ደቂቃ ብቻ ልይ ብዬ ተቀመጥኩ። ሁለት ወር ሞላኝ!

ምን ልበላችሁ፣ ሱስ ነው። ወደቡ ላይ ከማዶ ማዶ ስትመላለስ የምትውል አንዲት ቀይ ጀልባ አለች፤ ከሴቻ ሲቀላ እንደሚመላለሰው ሚኒባስ ስለሆነች «ሚኒባሷ» አልኳት። ቢጫ የዝናብ ካፖርት የሚለብስ አንድ ሰውዬም አለ፣ በየቀኑ ወደቡ ጫፍ ላይ መንጠቆውን ጥሎ ይቆማል። እሱን «አቶ ቢጫ» አልኩት። አቶ ቢጫ አንድ ቀን የቀረ እንደሆነ ምሳ አይወርድልኝም። አሞት ይሆን? ሚስቱ ከልክላው ይሆን?

እዚያ ሲዘንብ እኔን ይበርደኛል። አንድ ቀን ካፖርቴን ለብሼ፣ ጃንጥላዬን ይዤ፣ በዚያ በሲቀላ ሙቀት ቢሮ ስገባ የሥራ ባልደረባዬ ክው አለ።

«ምነው፣ ወባ ነው?»

«ኧረ ደህና ነኝ! ሰማዩ ጠቁሯል እኮ።»

«የት?»

«ወደቡ ላይ» ልበለው?

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ ልግባ። ከታደለች ጋር ከተጋባን አሥራ ሁለት ዓመታችን ነው። ገና ስንተጫጭ፣ ያኔ አፌ ማር ነበር፣ «በጀልባ ጫሞ ላይ አንሸራሽርሻለሁ፣ አዞ ገበያን አሳይሻለሁ» ብያት ነበር። አዞዎቹ ከውሃ ወጥተው ፀሐይ የሚሞቁበትን ቦታ ነው እኛ «አዞ ገበያ» የምንለው፤ ሻጭም ገዢም ጥርሱን ገልጦ የሚቀመጥበት ገበያ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «በሚቀጥለው ቅዳሜ» ስላት ኖርኩ። ወደቡ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ምክንያት አገኘሁ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው» ትለኛለች።

«ዛሬማ አይሆንም፣ ትልቅ መርከብ ይገባል።»

«የት ነው የሚገባው? እኛ ቤት?»

ወንበሬን ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አደረግኩ።

አንድ ቅዳሜ ግን ለብሳ፣ ተጫምታ፣ ጠጉሯን ተሠርታ ወጣች። እኔ ደግሞ ጭጋጉ እስኪገልጥ እየጠበቅኩ ነበር... የነሱ ጭጋግ። በሩ ላይ ቆማ ብዙ አየችኝና ጫማዋን ቀስ ብላ አወለቀች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «የሰው አገር ጀልባ ስትሸኝ ትውላለህ፣ እኔን ግን አንድ ቀን አላሳፈርከኝም» አለችና ወደ ውስጥ ገባች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፈርኩ። ማፈሬን ግን አልነገርኳትም፤ ሚኒባሷ እየመጣች ነበር።

ታደለች በማግስቱ ጨንቻ፣ ደጋ ላሉት ዘመዶቿ ደወለች።

አጎቷ አባባ ማዳልቾ መጡ። ቡልኳቸውን ደርበው፣ አንድ ፌስታል የጨንቻ አፕል ይዘው። እኚህ ሰው በአካባቢያቸው ስንቱን የተጣላ ያስታረቁ፣ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ተቀመጡና ታደለችን እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሴት ነው?»

«ኧረ አባባ! ወደብ ነው!»

«ወደብ...» አሉና አሰቡበት። «እስቲ አሳየኝ። ሳላይ አልፈርድም።»

ከፈትኩላቸው። ሚኒባሷ ሄደች፣ ተመለሰች። አንድ አፕል ገመጡ። «ይሄ አሁን ነው? ይሄን ጊዜ?» «አሁን ነው፣ አባባ።» «እነሱስ ያዩናል?» «አያዩንም።» «ነውር ነው» አሉ፤ ዓይናቸውን ግን አልነቀሉም።

ያን ጊዜ ነው ጉድ የፈላው። አቶ ቢጫ ወደቡ ጫፍ ላይ ቆሞ ሳለ ሌላ ወፍራም ሰውዬ መጣ። ይነጋገራሉ። አቶ ቢጫ እጁን ወነጨፈ። ወፍራሙ ራሱን ነቀነቀ። አቶ ቢጫ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ፣ ደረቱን ነፋ፣ ወፍራሙ ወደ እሱ ተጠጋ...

«ሊማቱ ነው!» ብለው አባባ ብድግ አሉ። «ምን ትጎለታለህ? ሰው ሊጋደል!»

«አባባ፣ እነሱ እኮ...»

አባባ የት አሉ? ግቢ ወጥተዋል!

እዚህ ላይ ጋሞን ለማታውቁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ነጭቶ ከፊትህ ከቆመ፣ አለቀ! ዱላ የያዘ ዱላውን ይጥላል፣ የተቆጣ ቁጣውን ይውጣል። ሳሩን ረግጦ የሚያልፍ ሰው የለም። ሳሩ ግን እርጥብ መሆን አለበት። ጊዜው በጋ ነበር፣ ግቢያችን ተቃጥሎ ገለባ ሆኗል። አንድ ቦታ ብቻ ነው አረንጓዴ የሆነው... አዎ፣ አወቃችሁት! የሚያፈሰው ቧንቧ ሥር! ሁለት ወር ሙሉ ጠብ ጠብ እያለ ያጠጣው ሳር እንደ ቄጠማ ተንዠርግጓል።

አባባ ሁለት እጃቸውን ሳር ሞልተው ተመለሱና ቴሌቪዥኑ ፊት ተንበረከኩ። «ተዉ! ስለ ሳሩ ብላችሁ ተዉ!» አሉ በጋሞኛ። ቀጥለው በአማርኛ ደገሙት፤ ፈረንጆቹ ጋሞኛ ባይገባቸው ብለው መሰለኝ።

እናም... በስማም! አቶ ቢጫ ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ዘረጋ። ወፍራሙ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ተቃቀፉ!

አባባ ላባቸውን ጠረጉ። «አየህ? ሰው ናቸው። ሰሙ።»

እኔ አቶ ቢጫን ሁለት ወር የማውቀው ሰውዬ፣ እጁን የዘረጋው ያመለጠውን ዓሣ ርዝመት ሲለካ እንደነበር ገብቶኛል። ጥሉም ጥል አልነበረም፤ የዓሣ አጥማጅ ውሸት ነው። ግን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? እናንተ ብትሆኑ ትነግሯቸው ነበር?

ከዚያ በኋላ አባባን ከወንበሩ ማን ያንሳቸው! «እርቁ ይጽና አይጽና ማየት አለብኝ» አሉ። ያን ቀን አየን። በማግስቱም አየን። ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ አፕል እየገመጥን። በሦስተኛው ቀን ሚኒባሷ ስትዘገይ «ዛሬ ምን ነካት?» ያሉት እሳቸው ናቸው! የታደለች ክስ ተረሳ። እኔ በሆዴ ፌሽታ ላይ ነኝ፤ ዳኛውን በእጄ አስገብቻለሁ!

ቅዳሜ ጠዋት ታደለች መጥታ ከኋላችን ቆመች።

«አባባ፣ የእኔ ነገርስ?»

«ቆይ ልጄ፣ መርከብ እየገባ ነው።»

ወጣች። ስትመለስ ሁለት እጇን እርጥብ ሳር ሞልታ ነበር። መጥታ በእኛና በቴሌቪዥኑ መሃል ተንበረከከች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

አባባ ደነገጡ። «ልጄ... ይሄ የሽማግሌ ሥራ ነው እኮ።»

«ሽማግሌው ቲቪ ላይ ናቸዋ!»

የቧንቧው ጠብታ ብቻ ይሰማል። አባባ ሳሩን አዩ፣ እሷን አዩ፣ መጨረሻ ላይ መርከቡን ሰረቅ አድርገው አዩና ተነሱ። «ሳር ሳር ነው» አሉኝ። «አጥፋው።»

አጠፋሁት። ምን ቆርጦኝ እምቢ እላለሁ!

በዚያው ቀን ሦስታችንም ጫሞ ላይ ነበርን። ታደለች የጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተቀምጣ እጇን ውሃው ውስጥ ስትነክር፣ ጉማሬ ብቅ ሲል እልል ስትል... አሥራ ሁለት ዓመት ይህን ሳቅ ደብቄ ነበር የኖርኩት ብዬ ራሴን ታዘብኩት። ወደቡ ትዝ አላለኝም። እሺ፣ አንድ ጊዜ ትዝ ብሎኛል። አዞ ገበያ ስንደርስ ሁለት ግዙፍ አዞዎች አፍ ለአፍ ገጥመው ተፋጠው አገኘናቸው። አባባ ሳር ፍለጋ ወደ ዳርቻው ማየት ሲጀምሩ ባለ ጀልባው ቡልኳቸውን ጨምድዶ ያዘ።

«አባባ፣ ይቀመጡ! እነዚህ ሽማግሌም ይበላሉ!»

አባባ ጨንቻ ከተመለሱ ሦስት ሳምንት ሆነ። በየቀኑ እየደወሉ «ሰውዬው ደህና ነው?» ይሉኛል፣ አቶ ቢጫን ማለታቸው ነው። እኔም ሰላም ወርዶ ወደቤን ማየት ቀጠልኩ ብላችሁ ነው? ልቀጥል ስል ታደለች ከፊቴ፣ ሳር! ቤት ይቀባ ሲባል ላንገራግር ስል ሳር! እናቷ ይምጡ ሲባል ገና አፌን ስከፍት... ሳር!

ትናንት የሳሩን ምንጭ ላደርቅ ቆርጬ ተነሳሁ። መፍቻ ተዋስኩ፣ የቧንቧ ጎማ ገዛሁ፣ ቪዲዮውንም በመጨረሻ አየሁት። ቧንቧው ሥር በርከክ ብዬ ገና አንድ ዙር ሳጠብቅ ታደለች በመስኮት ብቅ አለች።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ጠግነው ስትዪኝ አልነበር? ጭንቅላቴን በሳው ስትዪ...»

«ንካውና!» አለችኝ።