ለካሜራውስ ምን እናልብሰው?

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ «እንደ ሁኔታው ነው» ባይ አይጠፋም። አዎ ወይም አይ ከሚል ምላሱን ቢቆርጡት ይመርጣል።

በሰሜን ኖርዌይ ባለ አንድ የባሕር ኃይል ጣቢያ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ዶክተር ቶርላይፍ ናቸው። ሥራቸው ጭጋግና እርጥብ በረዶ የወታደሩን ራዳርና ካሜራ ምን ያህል እንደሚያሳውር በኮምፒውተር ቀድሞ ማስላት ነው። የሰው ገላ ሙቀት ተከትሎ በጨለማ የሚያየው ካሜራ እንኳ እርጥብ በረዶ ሲጥል ከአፍንጫው አርቆ አያይም። ታዲያ «ነገ ያያል?» ብላችሁ ጠይቋቸው እስቲ። መቶኛ ይነግሯችኋል። «ልብስ ላስጣ?» ብትሏቸውም ያው ነው፤ መጀመሪያ የልብሱን ውፍረት ይጠይቃሉ።

አለቃቸው ኮማንደር ሲግሩን በዚህ ጠባይ አንጀቷ አርሯል። አንድ ቀን ምሳ ላይ አንዱ መኮንን፣ «መጥፎ አየር የለም፣ መጥፎ ልብስ እንጂ» የሚለውን የአገሩን አባባል ጣል አደረገ። ክቡርነታቸው ቡናማ ቺዝ ያለበትን ዳቦ አስቀመጡ።

«ለካሜራውስ ምን እናልብሰው? የሱፍ ካልሲ?»

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማቸው! የምሳ ሰዓቱ አለቀ፣ ዳቦውም ደረቀ።

መጋቢት ላይ ትልቁ ልምምድ ደረሰ። ወታደሮች በጎማ ጀልባ ባሕር ይወጣሉ፤ አንዱ እዚያ በረዶ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ፈልጎ የሚያገኘው የዳርቻው ካሜራ ነው። ሲግሩን ለዚህ ቀን ክረምቱን ሙሉ ለፍታለች፤ አድሚራሉም ሊያይ ይመጣል።

«ቶርላይፍ፣ በናትህ አንድ ቃል ብቻ ስጠኝ። ነገ ይውጡ ወይስ አይውጡ?»

«አይውጡ።»

«አሞሃል እንዴ?»

«ደህና ነኝ። አይውጡ።»

ወታደሮቹን አስቀረቻቸው። በማግስቱ ሰማዩ እንደ መስታወት ጠርቶ ዋለ። አድሚራሉ ፀሐይ እየሞቀ፣ «ጃንጥላ ላምጣልሽ?» እያለ ቀለደባት። ሲግሩን በንዴት ጦፋ ዶክተሩ ቢሮ ገባች።

«ስሌትህ ምን ነበር ያለው?»

«ሰማንያ በመቶ ካሜራው ያያል ነበር ያለው።»

«ታዲያ ለምን አይውጡ አልከኝ? አዋረድከኝ እኮ!»

«አንድ ቃል ነዋ የጠየቅሽኝ» አሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «መቶኛውን ብትጠይቂኝ እሱን እነግርሽ ነበር። ግን ሰው በመቶኛ አይሰምጥም። ሲሰምጥ ሙሉውን ነው።»

ሲግሩን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ መኮንኖቹ በክቡርነታቸው ሲቀልዱ አትስቅም። ምሳዋንም ይዛ እሳቸው አጠገብ ትቀመጣለች፤ ትወዳቸዋለች፣ ምን ይደበቃል። በፋሲካ ሰሞን ልጇ ከጓደኞቹ ጋር በበረዶ መንሸራተቻ ተራራ ልውጣ ብሎ ሲያስጨንቃት መጥታ ጠየቀቻቸው።

«ልጄ ነገ ይሂድ?»

«እንደ ሁኔታው ነው» አሉ ዶክተሩ፣ የልጁን ጓንት ውፍረትም ጠየቁ።

ሲግሩን እፎይ አለች። አይሂድ አላሉማ።