ሰፈሩን አውቶቡስ ያደረጉት ሾፌር

ገና ላልደረሰ አደጋ የሚጨነቅ ጎረቤት የሌለበት ሰፈር የለም። የኛው ግን የሁሉም አለቃ ናቸው፤ ጡረታ የወጡት ክቡር የአውቶቡስ ሾፌር። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያንገጫግጩ ኖረው፣ አሁን ደግሞ መሬት ልታንገጫግጨን ነው ብለው እንቅልፍ ነሱን።

ነገር ሁሉ የሚገባቸው በአውቶቡስ ነው። የሳቸው ቤት ከላይ፣ አለቱ ላይ ነው። የኛ ከታች፣ ድሮ ረግረግ የነበረና አፈር የተደፋበት ቦታ ላይ። "እትዬ፣ መንቀጥቀጡ አንድ ነው፤ የሚለየው ወንበሩ ነው" ይሉኛል። "አለት ውስጥ ሮጦ ያልፋል። ለስላሳ አፈር ላይ ሲደርስ ቀስ ይልና ያብጣል። እናንተ የኋላ ወንበር ላይ ናችሁ።"

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የሳቸው አውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ ግን ተቀምጬ አውቃለሁ። ወገቤ እስካሁን ያነሳቸዋል።

ሠርግ ተጠርተው "ይሄ የጡብ አጥር ብረት የለውም" ብለው አጥሩ ሥር ፎቶ ሊነሱ የቆሙትን ሙሽሮች አስለቀቁ። ባለሱቁ መስኮት ላስፋ ብሎ የፎቁን የታች ግድግዳ ሲያፈርስ፣ በሩ ላይ ቆመው "ይሄ ፎቅ እግሩ ተቆርጧል" እያሉ ደንበኛ መለሱበት። ማንኪያ እንኳ ከወደቀ "ብዬ ነበር" ይላሉ።

እኔ ቤት ጠባቸው ከቁም ሳጥኔ ጋር ነው። የልጅ ልጄ አልጋ እሱ ሥር ነበር።

"እትዬ፣ ይሄ ሳጥን ቀበቶ አላሰረም።"

"ከሟች ባሌ ይልቅ ረግቶ የተቀመጠ ነው ጋሼ። የትም አይሄድም።"

"ተሳፋሪ ሁሉ እንደዛ ነው የሚለው፣ ፍሬን እስክይዝ።"

ይሄዳሉ፣ ይመጣሉ። ሲሰለቸኝ ልጄን ጠርቼ የሕፃኗን አልጋ ወደ በሩ አዛወርነው። አምኛቸው እንዳይመስልህ፤ ዝም እንዲሉልኝ ነው።

ባለፈው ሳምንት፣ ከምሳ በኋላ፣ ልብስ ሳጣጥፍ ብርጭቆዎቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። ሐሜት መስሎኝ ጆሮዬን አቀናሁ። ወዲያው ወለሉ ከእግሬ ሥር ተነሣ። እውነትም የኋላ ወንበር። ሕፃኗ ላይ ተደፋሁ። ቁም ሳጥኑ ጎንበስ አለና ወደቀ፤ አልጋው የነበረበት፣ ልክ እዚያው።

ሲረጋ ሕፃኗ አንዴ አዛግታ ተመልሳ ተኛች። እኔ መሬት ቁጭ አልኩ።

በሩ ተበረገደ። ክቡርነታቸው ናቸው፤ ግማሽ ፊታቸው የመላጫ አረፋ፣ አንድ እግራቸው ነጠላ ጫማ፣ አንዱ ባዶ። "መሬት እየተናወጠ የሚሮጥ ሞኝ ነው" እያሉ ሰፈሩን ያሰለቹት ሰው፣ ከደህናው አለታቸው እየሮጡ ወደ ኋላ ወንበር ወረዱ።

ሕፃኗን አዩ። ቁም ሳጥኑን አዩ። አሁን አለቀልኝ፣ እስክሞት "ብዬ ነበር" ልሰማ ነው አልኩ። ዝም።

"በል እንጂ" አልኳቸው፣ ከድንጋጤ ማክበሩም ጠፍቶኝ። "ብዬ ነበር በል።"

"አጥሩ ወድቋል፣ ፎቁ ተንጋዷል" አሉ ቀስ ብለው። "ሰው ግን ሁሉም ደህና ነው።" እና አረፋቸው ላይ እንባ ወረደ።

ከመንቀጥቀጡ ይልቅ ያ ዝምታ አስፈራኝ። ሌሊቱን ሰውዬው ምን ሆኑብኝ እያልኩ አደርኩ።

በማግስቱ መጡ፤ ተላጭተው፣ ሁለቱንም ጫማ አድርገው። ወንበር አቀረብኩላቸው። ቀና ብለው አምፖሉን አዩ።

"እትዬ፣ ይሄ ደግሞ ማን ላይ ሊወርድ ነው?"

እፎይ አልኩ። ለኔ መሬቱ የረጋው ያን ጊዜ ነው።