የወንድም ገመዳ ሸክም

በየጸሎት ቤቱ «ሸክም አለኝ» የማይል አማኝ ማግኘት ይከብዳል። በአማኞች ቋንቋ ሸክም ማለት እግዚአብሔር ሰው ልብ ላይ የሚያኖረው የአገልግሎት ሐሳብ ነው። አንዱ ለመዘምራን፣ ሌላው ለወጣቶች ሸክም አለው። አብዛኛው ሸክም ታዲያ፣ ጌታ ይመስገን፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሸከሙት ነው። የአፀደ ባል የክቡር ወንድም ገመዳ ሸክም ግን ኪሎ ነበረው።

ክቡርነቱ ሲግናል አካባቢ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። የካ ውስጥ ሰው ሲታመም አስታማሚው፣ ድንኳን ሲተከል ካስማ ያዡ እሱ ነው። አንድ ክረምት ብርድ ልብሳቸውን ለማያውቃት ሴት ሰጥቶ፣ ባልና ሚስት በአንድ ጋቢ ሲጓተቱ ከረሙ። አፀደ ስትቆጣ መልሱ ሁልጊዜ «ጌታ ልቤን ነካኝ እኮ» ነው። ጌታ የካ ውስጥ ሌላ የሚነካው ልብ አጣ ወይ ብላ መጠየቅ ከጀመረች ቆይታለች።

በ2006 ደግሞ ልቡ ለላምበረት መናኸሪያ መንገደኞች ተነካ። ሄዶም የተሸካሚዎቹን አለቃ ሰቦቃን «እዚህ ቦታ ሸክም አለኝ» አለው። ሰቦቃ ከላይ እስከ ታች አየውና «እዚህ ሸክም በተራ ነው» ብሎ መዘገበው። ሌላ ሰው ቢሆን ስህተቱን ያርም ነበር። ገመዳ ግን የጌታ ምሪት ነው ብሎ ተቀበለና ቅዳሜ ቅዳሜ ጆንያ ይሸከም ጀመር። ዋጋ እንደማይቀበል ሲታወቅ ተሸካሚዎቹ ገበያችንን ገደለው ብለው ተሰበሰቡ። በመጨረሻ የሚከፍል መንገደኛ የእነሱ፣ ባዶ እጁን የመጣ የእሱ እንዲሆን ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ የሱ ተራ ሳይደርስ የሚውልበት ቅዳሜ የለም።

የአፀደ አባት አቶ ኃይለ መስቀል ልጃቸው ጴንጤ አገባች ብለው ሠርጓ ላይ አልተገኙም፤ ሦስት ዓመት ሙሉም ደጇን አልረገጡም። በስንት ልመና አንድ ቅዳሜ ከደብረ ብርሃን ሊመጡ እሺ አሉ። አፀደ ባሏን ቀይ ክራባት አሰረችለትና እንዲቀበላቸው ላከችው።

«ዛሬ እንኳ የማንንም ሸክም እንዳትነካ» አለችው። «አባቴ ዛሬ ቅር ብሎት ከተመለሰ ሁለተኛ አይመጣም።»

ከሰዓት በኋላ አባቷ ደወሉላት። መናኸሪያው በር ላይ ቆመው እግራቸው ዝሏል፤ የተቀበላቸው ሰው የለም። የገመዳ ስልክ ዝግ ነው። እሷው ሮጣ አመጣቻቸው። እሳቸውም ኮታቸውን ሳያወልቁ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመለሰው የመጨረሻ መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠየቁ።

«ሰው ጠፍቶ አይደለም» አሉ አቶ ኃይለ መስቀል። «ከጎኔ አንዲት እግሯን የታመመች ባልቴት ተቀምጣ ነበር። ቤቷ እንጦጦ ጋራው ላይ ነው፤ መኪና አይገባም። አንድ ክራባት ያሰረ ሰው መጣና አዝሏት ሄደ። በቤተ ክርስቲያን ያደገ መሆኑ ያስታውቃል። ያንቺው ግን መናኸሪያው ደጅ ድረስ መምጣት አቃተው።»

አፀደ የክራባቱን ቀለም ጠየቀች። ቀይ ነው አሏት። ሳቋ ስላመለጣት ወደ ጓዳ ገባች፤ እዚያ ደግሞ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሊቀየርባት ምንም አልቀረውም።

ገመዳ የመጣው ሊመሽ ሲል ነው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ክራባቱ ጀርባው ላይ። ለካ ቶሎ አድርሷት ሊመለስ አስቦ ነበር፤ ዳገቱ ግን አላለቀም፤ ስልኩንም ባልቴቷ ልጆቿ ዘንድ ስትደውልበት ባትሪው አልቋል። አማቱን ሲያይ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሱ። ከጫማው እስከ ክራባቱ፣ ከክራባቱ እስከ ጫማው አዩት።

«ሴትዮዋ ደህና ገባች?»

«ደህና ገቡ፣ አባባ። እርስዎን ግን ሳልቀበል ቀረሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አቶ ኃይለ መስቀል ኮታቸውን አውልቀው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉና፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከአፋቸው ያልወጣውን ቃል አወጡ።

«አፀደ፣ ለባልሽ የእግር ውሃ አሙቂለት።»

አፀደ ለዚህ ሰው አባቷ ከደወሉ ጀምሮ ያሰናዳችው ቁጣ ነበራት። ውሃውን ጥዳ ልታስታውሰው ብትሞክር፣ አንዱም ቃል አልመጣልሽ አላት።