በጥያቄ የተመለሰው

ሰዎቹ፦

ማንያዘዋል፦ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፤ የኡልፓን ምስክር ወረቀቱን፣ ማለትም የዕብራይስጥ ትምህርት የጨረሰበትን፣ በላስቲክ አስለብሶ ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚዞር። ማንም ሳይጠይቀው የሚመልስ ሰው።

ሙሉነህ፦ ጎረቤቱ፤ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ጽዳት ሠራተኛ። ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል። እንዲህ የሚለው ማንያዘዋል ነው።

[በፈረንጆች የዘጠናዎቹ አጋማሽ። ዓርብ ረፋድ፣ በእስራኤል የሐደራ ከተማ ገበያ። ሁለቱ ከአትክልት ሻጩ ጎን በተገለበጡ የብርቱካን ሣጥኖች ላይ ተቀምጠዋል። ማንያዘዋል የዕብራይስጥ ጋዜጣ ይዟል፤ ሙሉነህ ሽንኩርት የሞላ ፌስታል። ክርክሩ የተጀመረው ከመቀመጣቸው በፊት ነው።]

ማንያዘዋል፦ ብድር ነው አልኩህ! ብድር!

ሙሉነህ፦ ውሰት ነው።

ማንያዘዋል፦ ቡድናችን አለልኝን ለአንድ ዓመት ለደቡቦቹ አበደረ። ተጫዋች ይበደራል፣ ይመለሳል። ዓለም ያወቀው ነው።

ሙሉነህ፦ አያ ማንያዘዋል፣ ብድር ማለት ዱቄት ነው። ጎረቤትህ ዱቄት ይበደርሃል፣ ይበላዋል፣ ሌላ ዱቄት ይመልስልሃል። ውሰት ግን ወንፊት ነው። ያንኑ ወንፊት ነው የሚመልስልህ። ደቡቦቹ አለልኝን በልተውት ሌላ አለልኝ ሊመልሱልን ነው?

ማንያዘዋል፦ [እየሳቀ] አይ ሙሉነህ! እግር ኳስን በወንፊት የሚነፋ ሰው አንተን አየሁ።

ሙሉነህ፦ መሰላልም እንደዚያው ነው።

ማንያዘዋል፦ የምን መሰላል?

ሙሉነህ፦ ለፋሲካ ጽዳት የተዋስከኝ። ይኸው የዳስ በዓልም አለፈ።

ማንያዘዋል፦ አሁን መሰላል ምን አመጣው? ስለ ትልቅ ጉዳይ እኮ ነው የምናወራው። በል ንገረኝ፣ ብድር በዕብራይስጥ ምን ይባላል?

ሙሉነህ፦ አላውቅም።

ማንያዘዋል፦ «ሀልቫአ»! ባንክ ገብቼ የፈረምኩበት ቃል ነው፣ ሌሊት ቀስቅሰህ ብትጠይቀኝ አልስተውም። እዚህ ጋዜጣ ላይ ስለ አለልኝ ተጽፏል፤ «ሀልቫአ» የሚል ግን የለም። ስለዚህ የተጻፈው ስለ ብድሩ አይደለም። ገባህ?

ሙሉነህ፦ አልገባኝም።

ማንያዘዋል፦ አይፈረድብህም። ኡልፓን ስንት ወር ተቀመጥክ?

ሙሉነህ፦ ሦስት። ከዚያ ሥራ አገኘሁ።

ማንያዘዋል፦ መጥረጊያ አገኘህ። እኔ ዐሥር ወር! [ደረት ኪሱን መታ መታ ያደርጋል] ማስረጃው እዚህ አለ።

ሙሉነህ፦ አውቃለሁ። ሸሚዝህ ሲታጠብ አብሮ ይታጠባል።

ማንያዘዋል፦ ላስቲክ ያለበስኩት ለዚህ ነዋ! ስንት ነገር አስተማርኩህ፤ አንዱም አልያዘህ። «ሜም» የምትባለው ፊደል ቃል ስትቀድም?

ሙሉነህ፦ «ከ» ማለት ነው።

ማንያዘዋል፦ «ቤት» ስትቀድምስ?

ሙሉነህ፦ «በ» ማለት ነው። ዕብራይስጥ ደግሞ ራቁቱን ነው የሚጻፈው። እንደ እኛ ፊደል ሀ ሁ ሂ የለውም፤ አንባቢው ነው የሚያለብሰው።

ማንያዘዋል፦ ይኼስ እንኳን ይዞሃል። እግዜር ይመስገን።

ሙሉነህ፦ እኔ ግን ከሰው የምሰማው ሌላ ነው። አለልኝ ወደ ሐደራ መመለስ አልፈለገም አሉ። ትናንት አውቶቡስ ላይ «እግሩን እየጎተተ ነው የመጣው» ሲሉ ሰማሁ።

ማንያዘዋል፦ እግር መጎተትማ ልማዱ ነው! ካቻምና በየጨዋታው ስንቴ ነገርኩት!

ሙሉነህ፦ ሰምቼሃለሁ። ገበያውም ሰምቶሃል።

ማንያዘዋል፦ ምክር ነዋ! «አንተ የቆመ ግንድ! ኳሷ ላም አይደለችም፣ ቆመህ አትጠብቃት፣ ሩጥ!» ነው ያልኩት። ይኼ ምክር አይደለም?

ሙሉነህ፦ በአማርኛ ነበር የምትጮኸው።

ማንያዘዋል፦ ሌሎቹ እንዳይሰሙበት ብዬ ነዋ! ገመናውን ሸፈንኩለት።

ሙሉነህ፦ እዚያ ደቡብ ግን ዘጠኝ ጎል አገባ። እዚህ ሁለት ነበር።

ማንያዘዋል፦ የደቡብ ጎል ሰፊ ነው።

ሙሉነህ፦ እንዴ! ጎል በየአገሩ ይለያያል?

ማንያዘዋል፦ በረሃ አይደለም እንዴ? ሙቀት ብረት ያሰፋል። ይኼንንም ላስተምርህ?

ሙሉነህ፦ ተወው፣ ይበቃኛል። ለማንኛውም ልጁ መጣ። የእኛ ቡድን ደስ ይበለው፣ ከቡድኑ ይልቅ ደግሞ ድንቅነሽ ደስ ይበላት። አለልኝ እሑድ ሽማግሌ ይልክባችኋል አይደል? እኔማ ለልጅህ ቀን ብዬ ሸሚዜን ተኩሼ ሰቅያለሁ።

[ማንያዘዋል ጋዜጣውን ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ እንደገና ያጥፋል።]

ማንያዘዋል፦ አውርደው።

ሙሉነህ፦ ምኑን?

ማንያዘዋል፦ ሸሚዝህን። ሽማግሌ የለም። የተጠመቀውን ጠላ እኔው እጠጣዋለሁ።

ሙሉነህ፦ ኧረ አለልኝስ?

ማንያዘዋል፦ አለልኝ የለም!

ሙሉነህ፦ [ሽንኩርቱን ጥሎ ይነሣል] ወይኔ ልጄን! ሞተ?

ማንያዘዋል፦ ቁጭ በል። ቢሞት አልቅሰን እንቀብረው ነበር። ይኼ ከሞት ይብሳል። ጋዜጣ ላይ ወጣ! እየው ርእሱን። «አለልኝ ሖዜር»፣ ተመለሰ ማለት ነው። ይቺኛዋስ? «ሼኤላ»። ሼኤላ ምንድን ነው?

ሙሉነህ፦ ጥያቄ።

ማንያዘዋል፦ ጎበዝ። እዚህ አገር አንድ ሰው ሃይማኖቱን ሲያጠብቅ ምን ይሉታል? «በመልስ ተመለሰ» ይሉታል። የኪፓ ቆብ ይደፋል፣ ጢሙን ያሳድጋል። ሃይማኖቱን ሲተውስ? «በጥያቄ ተመለሰ»! ኪፓውን ይጥላል፣ በሻባት፣ በሰንበት እኮ፣ ባሕር ዳርቻ ሥጋ ይጠብሳል።

ሙሉነህ፦ ቆይ፣ ቆይ። የመጣውም ተመለሰ፣ የሄደውም ተመለሰ? እዚህ አገር የሚሄድ ሰው የለም?

ማንያዘዋል፦ ዕብራይስጥ ጥልቅ ነው።

ሙሉነህ፦ እና መልስ ጥሩ ነው፣ ጥያቄ መጥፎ።

ማንያዘዋል፦ እንዲያ ነው።

ሙሉነህ፦ እኛ ግን መልስ የምንለው ከሰርግ በኋላ ሙሽሮቹ ወደ ሴቷ ቤት ሲጠሩ ነው። በጉ፣ ጭፈራው...

ማንያዘዋል፦ ሰርግ ሳይኖር የምን መልስ! ሰማህ ሙሉነህ፣ እኛ ወደዚህ አገር ስንመጣ ስንት ዓመት ሲጠይቁን ኖሩ? አያትህ ማን ነበር፣ ሻባት ታከብር ነበር፣ ለምን ተውክ፣ ለምን ተመለስክ። ሁሉንም መልሼ መልሼ ምላሴ አልቆ ነው እዚህ የደረስኩት። አሁን ደግሞ ጥያቄ ይዞ የሚመለስ አማች ላምጣ? ሰፈሩ ምን ይለኛል?

ሙሉነህ፦ ግን እኮ በሻባት ኳስ ሲጫወት ነው የኖረው።

ማንያዘዋል፦ እሱ እንጀራው ነው።

ሙሉነህ፦ አንተስ በሻባት ሜዳ ትሄድ የለም?

ማንያዘዋል፦ በእግሬ ነው የምሄደው! ትኬቱንም ዓርብ ነው የምገዛው!

ሙሉነህ፦ ጩኸቱስ? በሻባት ሥራ ክልክል ነው።

ማንያዘዋል፦ መጮህ ሥራ አይደለም።

ሙሉነህ፦ አንተን ግን ያልብሃል።

ማንያዘዋል፦ አትቀልድብኝ! [ድምፁ ይሰበራል] ድንቅነሽ ከጠዋት ጀምራ በሯን ዘግታ ታለቅሳለች። እኔስ ልብ የለኝም? እወደው ነበር እኮ። ኳስ ሲይዝ ከጎኔ ላለው ሰው «የኔ ነው» እል ነበር።

ሙሉነህ፦ ለልጁ ነገርከው?

ማንያዘዋል፦ ለአባቱ። ጠዋት ርእሱን እንዳየሁ የመንገድ ስልክ ፈልጌ ለአዝመራው ደወልኩ። «ሃይማኖቱን ለጣለ ልጅ አልሰጥም፣ ሽማግሌ እንዳትልክ፣ ደጄንም እንዳትረግጥ» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ሙሉነህ፦ ምን አለ?

ማንያዘዋል፦ «ምን?» አለ። ሦስቴ «ምን?» አለ። የጥፋተኛ ድምፅ ነው።

ሙሉነህ፦ እስቲ ያቺን ቃል አሳየኝ።

ማንያዘዋል፦ ምን ልታደርጋት? ልትጠርጋት?

[ሙሉነህ ጋዜጣውን ይቀበላል። አንገቱን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ፊቱ ይበራል።]

ሙሉነህ፦ እንዴ! ይቺንማ አውቃታለሁ።

ማንያዘዋል፦ አንተ? ከየት?

ሙሉነህ፦ ከሥራ ቦታ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከአንዱ መስኮት በላይ ተሰቅላለች። ሦስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ አቧራዋን የማራግፍላት እኔ ነኝ። ሄይ፣ ሺን፣ አሌፍ፣ ላሜድ፣ ሄይ። የመጨረሻዋ ሄይ እግሯ ትንሽ ተልጧል።

ማንያዘዋል፦ ታዲያ! ጥያቄ ያለው እዚህ ይጠይቅ ማለት ነዋ!

ሙሉነህ፦ አይደለም። ጥያቄ ያለው የሚሄድበት ሌላ መስኮት አለ፤ ሴትየዋ ትቆጣለች። በዚህኛው ማንም አይጠይቅም። ሰው መጽሐፍ ይወስዳል፣ ሦስት ሳምንት ያነበዋል፣ ያንኑ መጽሐፍ ይመልሳል። ያንኑ። እንደ ወንፊቱ።

[አትክልት ሻጩ «ቲማቲም! ቲማቲም!» እያለ ይጮኻል።]

ማንያዘዋል፦ ምን... ምን ብለው ነው የሚጠሯት?

ሙሉነህ፦ «ሀሽአላ»።

ማንያዘዋል፦ ሀሽ...

ሙሉነህ፦ ውሰት።

ማንያዘዋል፦ አይሆንም! «ሀሼኤላ» ናት፣ «ጥያቄው»! የጥያቄ ፊደል ናት!

ሙሉነህ፦ ፊደሏማ አንድ ናት። ራቁቷን ነበረች፤ ልብሱን ያለበስካት አንተ ነህ።

ማንያዘዋል፦ ከፊቷ ሜም አለች! ሜሟን ምን ልታደርጋት ነው?

ሙሉነህ፦ ሜም ምን ነበረች? ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

ማንያዘዋል፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] «ከ»።

ሙሉነህ፦ በጥያቄ ተመለሰ ለማለትስ?

ማንያዘዋል፦ ቤት።

ሙሉነህ፦ ቤት አለች?

ማንያዘዋል፦ [ጋዜጣውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ] የለችም።

ሙሉነህ፦ እንግዲህ እኔ ሦስት ወር ነው የተማርኩት። «ተመለሰ»፣ «ከ»፣ «ውሰት»። ዐሥር ወርህን ጨምርበትና ግጠመው።

ማንያዘዋል፦ «አለልኝ... ከውሰት... ተመለሰ።» [ግንባሩን ይይዛል] ወይ ጉዴ!

ሙሉነህ፦ ከርእሱ በታችስ ምን ይላል?

ማንያዘዋል፦ አላነበብኩትም።

ሙሉነህ፦ ለምን?

ማንያዘዋል፦ ርእሱ በቃኛ!

ሙሉነህ፦ አንብበው። ስለ መመለሱ ምን አለ?

ማንያዘዋል፦ [በጣቱ እየተከተለ፣ ቀስ እያለ] «አጥቂው ወደ ሐደራ መመለሱ... ደስ አላሰኘውም። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከጎሉ ጀርባ አንድ ተመልካች አለ፣ ሲል መለሰ። በአማርኛ ይጮኻል። አሠልጣኙ አይሰማው፣ ጓደኞቼ አይሰሙት፤ ቋንቋውን የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ። በሰማሁት ቁጥር እግሬ ይተሳሰራል...»

ሙሉነህ፦ ማን ይሆን ይኼ ባለጌ?

ማንያዘዋል፦ ዝም በል።

ሙሉነህ፦ ቀጥል እንጂ።

ማንያዘዋል፦ «የቆመ ግንድ ይለኛል...»

ሙሉነህ፦ ምክር ነው።

ማንያዘዋል፦ ዝም በል አልኩህ! «መልስ እንዳልሰጠው ትልቅ ሰው ነው። ደግሞም... ለትልቅ ጉዳይ ሽማግሌ ልልክበት ነው። ሳልወድ የተመለስኩትም ለዚሁ ጉዳይ ብዬ ነው።»

[ጋዜጣውን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። ሙሉነህ የተበተነውን ሽንኩርት አንድ በአንድ ይለቅማል።]

ማንያዘዋል፦ ዘጠኝ ጎሉን ትቶልኝ መጣ። ለልጄ ብሎ። እኔ ደግሞ አባቱ ጆሮ ላይ ስልክ ዘጋሁ።

ሙሉነህ፦ ሦስቴ «ምን?» እያለህ።

ማንያዘዋል፦ ሙሉነህ፣ ወንድሜ፣ ዛሬ አስታርቀኝ። ሽማግሌ ሁነኝና አዝመራው ቤት ሂድልኝ።

ሙሉነህ፦ ከመቼ ወዲህ ነው የሴት ወገን ሽማግሌ የሚልከው?

ማንያዘዋል፦ ከዛሬ ወዲህ! ልጅቷ እያለቀሰች ነው!

ሙሉነህ፦ ለድንቅነሽ ስል እሄዳለሁ። ሸሚዙም ተተኩሷል። ግን መጀመሪያ መሰላሌ።

ማንያዘዋል፦ አሁኑኑ! ሻባት ሳይገባ ተሸክሜ አመጣልሃለሁ!

ሙሉነህ፦ ያንኑ መሰላል። ሌላ አይደለም።

ማንያዘዋል፦ ያንኑ! ውሰት ነው! ውሰት ነው አልኩህ!

ሙሉነህ፦ እኔ ነኝ ያልኩህ። [ይነሣል፣ ፌስታሉን ያንጠለጥላል፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ ይመለሳል] አያ ማንያዘዋል፣ አንድ ነገር ብቻ። አዝመራው በሩን ከፍቶ «ያ ሰውዬ ምን ሆነ?» ቢለኝስ?

ማንያዘዋል፦ ደኅና አድርገህ፣ አሳጥረህ ንገረው። አታዋርደኝ።

ሙሉነህ፦ ሦስት ቃል ትበቃኛለች። ጠዋት ጥለሃቸው ሄድክ፣ ከሰዓት ልጃችሁን ስጡኝ ብለህ ልትጠይቅ መጣህ። ፊደሏንም አልስታትም፣ ሜም ሳትሆን ቤት ናት። «ማንያዘዋል በጥያቄ ተመለሰ» እላቸዋለሁ።