ለጋሼ ዐብዱልከሪም የተከለከለው ሽሙጥ

በዚህ አገር ጨዋታ ተሟልቶ ተካሄደ የሚባለው ሁለት ቡድን፣ አንድ ዳኛና አንድ ሁሉን አዋቂ ሲገኙ ነው። ቡድን ቢቀር ፎርፌ ይሰጣል። ዳኛ ቢቀር ከተመልካቹ መካከል ፊሽካ ያለው ይገባል። ሁሉን አዋቂው ግን ቀርቶ አያውቅም። ማንም ሳይጠራው ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል፤ ከመስመሩ አንድ ጫማ ገባ ብሎ ይቆማል፤ ሜዳውን እንደ አባቱ ርስት ይቃኛል። በሕይወቱ ዋንጫ አንሥቶ አያውቅም፤ ሆኖም ከቡድኑ እጅ ያመለጠ ዋንጫ ሁሉ ያመለጠው የእሱ ምክር ስላልተሰማ ነው።

የጎንደሩ ሁሉን አዋቂ ሊቀ ሜዳ ዳር ጋሼ ዐብዱልከሪም ይባላሉ። ሹመቱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸው በበኩላቸው ከዚህ የሚበልጥ ይገባኛል ባይ ናቸው። ፒያሳ ላይ ከአባታቸው የወረሱት የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ከገና እስከ ጥምቀት ባሉት ቀናት ግን ከቀትር በኋላ ጋሼን ሱቁ ውስጥ የፈለገ ሰው የሚያገኘው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዙበይዳን ነው። «እኔ ሱቁን አንከባልላለሁ፤ እሱ ሩሩን ያንከባልላል» ይላሉ ወይዘሮዋ፣ ጨርቁን በክንዳቸው እየለኩ።

ሩር ለዘመኑ ወጣት ይብራራ ከተባለ፣ በገና ጨዋታ በቆልማማ ዱላ የሚለጋው የእንጨት ድቡልቡል ነው። ዱላውም እንደ በዓሉ «ገና» ይባላል። አንድ ሙስሊም ነጋዴ በክርስቲያን በዓል ስም ለሚጠራ ጨዋታ እንዲህ መንገብገቡ የሚያስደንቀው እንግዳ ሰው አይጠፋም። ጋሼ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አላቸው። «ገናው የእናንተ ነው፤ ሩሩ ግን ላገኘው ነው» ይላሉ። መልሱ ከሥነ አመክንዮ አንጻር ሊሞገት ይችላል። እስካሁን ግን የሞገተ የለም፤ ምክንያቱም ጋሼ ለሁለተኛው ሰው የመናገሪያ ጊዜ አይሰጡም።

እኔ ልጅ ሳለሁ ጨዋታው ከገበያው ጀርባ በነበረው ሰፊ ሜዳ ላይ ይካሄድ ነበር፤ ዛሬ ሕንጻ ቆሞበታል። የላይኛው ሰፈር ከታችኛው ይገጥማል። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ ዱላውን ከወይራ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ በእሳት ለብልቦ፣ ጫፉን አጉብጦ ይመጣል። በዚያን ጊዜ ጋሼ ጎልማሳ ነበሩ። ይጫወቱ ነበር ለማለት እውነት ያስቸግረኛል፤ ይሮጡ ነበር ማለት ግን እችላለሁ። ሩሩ በስተምሥራቅ ሲሄድ እሳቸው በስተምዕራብ ሆነው «አላልኩም?» ይላሉ። ምን እንዳሉ የሰማ አልነበረም። «አላልኩም?» የሚሉት አስቀድመው ምንም ሳይሉ ነው፤ በዚህም ከነቢያት ሁሉ ይለያሉ።

ለሐኪም መርፌ የሚወጋበትን ቦታ ያመለክታሉ። የባጃጅ ሾፌር በሚያውቀው መንገድ ሲሄድ «በዚያ በኩል ብትሄድ ኖሮ» ብለው ከደረሱ በኋላ ያስረዱታል። አንድ ጊዜ በቀብር ላይ፣ ዱዓው ገና ሳያልቅ፣ ጉድጓዱ ወደ ግራ ዘመመ ብለው ቆፋሪዎቹን ገሥጸዋል። ጉድጓዱ በእርግጥ ዘሞ ነበር። ይህን የምጽፈው ለፍትሕ ስል ነው።

ይሁን እንጂ ጋሼ ወደር የማይገኝላቸው በሽሙጥ ነው። የቀደሙት ሰዎች «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው ደንግገዋል። በዚያች ቀን ገባሩ ባላባቱን፣ ተማሪው የኔታን፣ ያሸነፈው የተሸነፈውን በግጥም ይሸነቁጣል። የተሸነቆጠው መልስ ካለው ይመልሳል፤ ከሌለው ይስቃል፤ መቆጣት ግን ነውር ነው። ከዚያ ሜዳ ተሸንፎ የሚመለስ ሰፈር ቢያንስ አንድ ሳምንት የሚያመነዥገው ስድብ ይዞ ይመለስ ነበር። ዛሬ ተሸናፊ ይዞ የሚመለሰው የውኃ ፕላስቲክ ነው።

ዘንድሮ የአካባቢው ኮሌጆች የወንዶች የገና ጨዋታ ሻምፒዮና ማራኪ ሰፈር በሚገኘው ሜዳ ተዘጋጀ። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ማሊያ ተሰፋ፤ ከእኛ የጨዋታ ባህል ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ ተለቀቀ። እኔም የአማርኛ መምህር ነኝና በሥነ ምግባር ንዑስ ኮሚቴው ውስጥ ተመደብሁ። ከወጡት አንቀጾች አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ተጫዋችንም ሆነ ዳኛን የሚሸሙጥ ደጋፊ ከሜዳ ይሰናበታል፤ ድርጊቱ ከተደገመ ከሚደግፈው ቡድን ላይ አንድ ግብ ይቀነሳል።» አንቀጹን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ዛሬም ቢሆን ዐረፍተ ነገሩ ሰዋስዋዊ እንከን የለበትም።

የጋሼ የመጨረሻ ልጅ አብዱልባሲጥ የማራኪዎቹ አምበል ነው። ዘንድሮ ይመረቃል። በኮሌጅ ቆይታው ዋንጫውን ደጋግሞ ተመኝቶ ደጋግሞ አጥቶታል፤ ይህ የመጨረሻ ዕድሉ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ዕለት ዳኛው በእሱ ላይ ፊሽካ ነፋ። የዳኛው የተጸውዖ ስምም ዳኛው ነው፤ የጠባዩ መልካም፣ የፊቱ ኮስታራ ወጣት። ጋሼ ከመስመሩ አንድ ጫማ ገባ ብለው ጮኹ።

«አንተ ዳኛው! እናትህስ ፈረደችልህ፤ አንተ ግን ገና ይግባኝ ላይ ነህ!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ሳቁን እንደምንም ዋጠና ወደ እሳቸው ሄዶ መውጫውን አሳያቸው። ማራኪዎቹ አሸነፉ፤ ጋሼ ግን ድሉን የሰሙት ከአጥር ውጭ ሆነው ነው።

ከፍጻሜው በፊት ማስጠንቀቂያውን እንዳደርስ ተላክሁ። ሱቃቸው ስገባ አቡጀዲ እያጠፉ ነበር።

«ጋሼ፣ ከፈለጉ መምጣት ይችላሉ። ግን አንዲት ሽሙጥ ካመለጠችዎ ከልጅዎ ቡድን ላይ አንድ ግብ ይቀነሳል።»

«በእኔ አፍ ልጄ ሊቀጣ?»

«ደንቡ ነው።»

«ሳልስ? ሳል ይቀጣል?»

«ሳል አይቀጣም።»

«ምስጋናስ?»

«ምስጋና ይፈቀዳል።»

ጨርቁን አስቀመጡ። «እኔ ዳኛ አመስግኜ አላውቅም፣ መምህር። ከየት በኩል ነው የሚጀመረው?»

ወይዘሮ ዙበይዳ ከጓዳ ሆነው «ቤት ቅር፣ አንተ ሰው!» አሉ። ጋሼ ግን «ወላሂ አልናገርም!» ብለው ማሉ። የሰውየውን መሐላ ሳልጠራጠር የሰውየውን ምላስ ተጠራጠርሁ።

በፍጻሜው ቀን ተጋጣሚዎቹ ከደንቢያዋ ከተማ ከኮላ ድባ የመጡት ነበሩ። ከደጋፊዎቻቸው ፊት አያ አላምረው ቆመዋል፤ ከደንቢያ ጥቁር አፈር ላይ ጤፍና ሽምብራ ሲያበቅሉ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ገበሬ፣ የኮላ ድባ ሁሉን አዋቂ። ልጃቸው በላቸው ለቡድኑ ይጫወታል። ሁለቱ አዛውንቶች ጎልማሶች ሳሉ በገበያው ሜዳ ላይ በግጥም ሲጠዛጠዙ አይቻለሁ። አሁን በሜዳው ማዶና ማዶ ሆነው፣ የኮሚቴውን ማስጠንቀቂያ እያሰቡ፣ እንደ ሁለት የተቆለፉ ሣጥኖች ተያዩ።

ጋሼ የትከሻቸውን ፎጣ ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ቆሙ። ጨዋታው ተጀመረ። ተጫዋቾቹ በሚገባ ሮጡ፣ ሩሩንም በሚገባ ለጉ፤ ነገር ግን አንድ ነገር ጎደለ። ልጆቹ ሲሳሳቱ ወደ መስመሩ ዞር ይላሉ፤ የሚሸነቁጣቸው የለም። ሲያምርላቸውም ዞር ይላሉ፤ «አላልኩም?» የሚል የለም። ከድምፅ ማጉያው በቀር አፍ ያለው አልነበረም። ሥርዓት እንዲህ ነው፤ ሲሟላ ያስፈራል።

ግቡ እኩል ሆኖ ጨዋታው ወደ ማለቂያው ተቃረበ። አብዱልባሲጥ ከመሐል አምልጦ ሩሩን ለጋው፤ ሩሩም መስመሩን አለፈ። ማራኪዎቹ ዘለሉ። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ዱላው ከትከሻ በላይ ተነሥቷል ብሎ ግቡን ሻረው። እኔ በቅርብ ነበርሁ፤ ዱላው ከትከሻ በላይ አልተነሣም። ጋሼም አይተዋል። በዚያን ቅጽበት ተመልካቹ ሁሉ ከሜዳው ፊቱን መልሶ እሳቸውን ተመለከተ። አብዱልባሲጥም ተመለከታቸው። የልጁ ዓይን «አባባ፣ እባክህን» ይል ነበር።

ጋሼ ፎጣውን ከጥርሳቸው አወጡ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉ፤ እንደገና ከፈቱ።

«ዳኛው!» አሉ ሜዳው እስኪያስተጋባ። «እናትህ… እናትህ ትባረክ!»

ዳኛው ግራ ተጋብቶ ወደ እኔ መጣ። «መምህር፣ ይሄ ሽሙጥ ነው?»

«ቃሉ ምርቃት ነው» አልሁት።

«ድምፁስ?»

«ደንቡ ስለ ድምፅ የሚለው የለም።»

ጨዋታው ቀጠለ፤ በላቸው አምልጦ ገባ፤ አንዲት ግብ አስቆጠረ፤ ፊሽካው ተነፋ። ዋንጫው ወደ ኮላ ድባ ሄደ።

አሸናፊዎቹ በሥርዓት ተሰለፉ፤ ተሸናፊዎቹን በሥርዓት ጨበጡ፤ ፎቶ ተነሡ። አብዱልባሲጥ መሬቱ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በማሊያው ሸፍኗል። ጓደኞቹ ይዞሩታል። በዚህ ጊዜ ጋሼ ሜዳውን አቋርጠው፣ ልጃቸውን አልፈው፣ ወደ አሸናፊዎቹ ሄዱ። ለጠብ የሄዱ መስሎኝ ተከተልኋቸው።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አሏቸው።

በላቸው ደነገጠ። «ጋሼ፣ ደንቡ ይከለክላል።»

«ተሸንፈን ሳንሰደብ ልንሄድ?» አሉ። «ምን አጠፋን? ልጄ ለስድብ እንኳ የማይበቃ ነው? ሲሮጥ አላያችሁትም?»

የዘመኑ ተማሪ አንድ የሽሙጥ ግጥም አያውቅም። ከዚያ ከወዲያ ማዶ አያ አላምረው ዱላቸውን እየተመረኮዙ መጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፦

«ጨርቅ ሲለካ ኖሮ፣ ሩር ሊለካ ወጣ፤
ሩሩ ወደ ደንቢያ፣ እሱ ወደ ቁጣ!»

የጋሼ ፊት በራ። ሲጠብቁት የኖሩት እንግዳ የመጣላቸው ይመስል ነበር። ወገባቸውን ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መለሱ፦

«ደንቢያ ጭቃው ጥቁር፣ እግር የሚያጣብቀው፤
ዛሬ ምን ነክቶት ነው፣ ልጁን የለቀቀው?»

«እሰይ! ሸጋ ነው!» አሉ አያ አላምረው። «አንተ አሁንም አልሞትህም?»

«አንተን ሳልቀብር?»

«እኔን ስትቀብር ጉድጓዱ ዘመመ ትላለህ!»

ሁለቱም ቡድኖች ከበቧቸው። በላቸው ራሱ ስለ ጭቃው ሆዱን ይዞ ይስቃል። አብዱልባሲጥ ማሊያውን ከፊቱ አወረደ፤ ዓይኑ እንደረጠበ ሳቀና ተነሥቶ መጣ። ጋሼ በአንድ እጃቸው ልጃቸውን፣ በሌላው በላቸውን ያዙ። ተማሪዎቹ «ድገሙት! ድገሙት!» እያሉ በስልካቸው ይቀርጻሉ። እኔም፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ድምፄን አውጥቼ ስቄአለሁ።

ዳኛው አጠገቤ ቆሞ ነበር። «መምህር፣ ሪፖርት ላይ ይግባ?»

«ፊሽካህን ነፍተሃል፤ ደንቡ ለጨዋታ ነው» አልሁት። «ይህ ጨዋታ አይደለም።»

ጋሼ ይህን ሰሙ መሰለኝ፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ከልጅነቴ ጀምሮ በዚህች ከተማ ሲሸነቁጡ ያየኋቸው ሰው አንድ ቀን እንኳ እኔን ሸንቁጠው አያውቁም። ለምን እንደሆነ አንዳንድ ጊዜ አስብ ነበር፤ ቅር ብሎኝም ያውቃል።

«መምህር ደንብ አውጥቶ፣ ሳቅን ከለከለው፤
ይኸው ጥርሱን ገና፣ ለፀሐይ ገለጠው!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ እስኪረጋጉ ጠብቄ፣ «ከለከለው» እና «ገለጠው» በትክክል ቤት እንደማይመቱ ነገርኋቸው። ጋሼ በሐዘኔታ ተመለከቱኝ። በማግስቱ ጠዋት ክፍል ገብቼ ስለ ሌላ ጉዳይ ሳስተምር፣ በሰሌዳው ላይ ግጥሙን ጽፌ ተገኘሁ። ቤቱን ላስተካክለው ሞከርሁ፤ ሌላ ቃል አልገባ አለኝ። እንዳለ ተውሁት።