እትዬ ምናልባትና የጓሮው ቅጠል

ደስታን እንኳ በደጅ ሲያልፍ አስቁሞ መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። በር ቆልፎ፣ ደረጃ ወርዶ፣ ተመልሶ ወጥቶ እጀታውን የሚነቀንቅ፤ ሰማዩ ጠርቶ እያየ ጃንጥላ የሚይዝ። የባህል መድኃኒት ቅጠሎች ቫይረስ ይገድሉ እንደሆነ የሚፈተሽበት ያ ቤተ ሙከራ ደግሞ ክብርት እትዬ ምናልባት ነበሩለት።

እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ለሙከራ የሚያድጉት ሴሎች ያሉበት ማሞቂያ ሣጥን በሩ ገጥሟል ሲባሉ፣ «ምናልባት ባይገጥምስ?» ብለው ምሳቸውን ትተው ይነሳሉ። ጓንት ላይ ጓንት ይደርባሉ። የልደት ኬካቸው ሲቆረጥ እንኳ ቢላዋው ከየት እንደመጣ ጠይቀዋል።

ከጎናቸው የሚሠራው ተመራማሪ ቁም ስቅሉን አየ። በተለይ በዚያ ሰሞን። አባቱን የጉበት ቫይረስ ይዟቸው ኪኒን ታዞላቸዋል፤ እሳቸው ግን «ሆዴን አመሰኝ» እያሉ ልባቸው ከጓሮ የሚቀነጥሱት ቅጠል ላይ ነው።

«አንተ ብቻ ይሠራል በለኝ፣ ኪኒኑን ዛሬውኑ እወረውረዋለሁ» ይሉታል በስልክ።

ልጅየው ቅጠሉን አመጣ፤ አድርቆ ፈጨ፤ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፎ አጠለለ፤ ከቫይረስ ጋር ቀላቅሎ ሴሎች ላይ ጨመረው። በማይክሮስኮፕ ሲያይ ቫይረስና ውሃ ያገኙት ሴሎች አልቀዋል፤ ቫይረስና ቅጠል ያገኙት ግን በሕይወት አሉ። ወዲያው ስልኩን አወጣ።

«ለአባትህ ነው?» አሉ እትዬ። «ምናልባት ትንሽ ብትቆይ። ለማነጻጸሪያው የጨመርከው ምንድን ነው?»

«ውሃ።»

«ቅጠሉንስ በምን ዘፈዘፍከው?»

«በአልኮል።»

«ታዲያ ቫይረሱን ቅጠሉ ይግደለው አልኮሉ በምን አወቅን?»

‹ምቀኛ አታሳጣኝ ያለው ማን ይሆን!› ሲል በሆዱ ተራገመ። ግን ደገመው፤ አሁን ያለ ቅጠሉ ቫይረስና አልኮል ብቻ የሚጨመርባቸውን ሴሎችም አዘጋጀ። ውጤቱ እስኪደርስ እንቅልፍ አልወስድ አለው። ስልኩ በጮኸ ቁጥር አባቱ ኪኒኑን ጥለውት ይሆን እያለ ዘሎ ያነሳዋል። እትዬም ከእሱ ብሰው አረፉት፤ ሻይ ያመጡለትና ሳይጠጣው፣ «አባትህ ዛሬ ኪኒናቸውን ወሰዱ?» ይሉታል።

ውጤቱ ደረሰ። ቅጠል ያገኙትም አልኮል ብቻ ያገኙትም ሴሎች እኩል ተርፈዋል። ቫይረሱን የገደለው አልኮሉ ነበር።

«እህ፣ ሠራ?» አሉ አባት በስልክ።

«አልሠራም አባዬ። ኪኒንህን እንዳታቋርጥ።»

«ማን አለ? ያቺ ጠዋት ማታ የምታማት ሴትዮ ናት አይደል? ጨለምተኛ!»

ልጅየው ቀና ሲል እትዬ ንጹሕ ብርጭቆ እየወለወሉ ጆሯቸውን ጥለዋል።

«እሳቸውን እንኳ አትንካብኝ» አለ። «እሳቸው ባይኖሩ በገዛ እጄ ገድዬህ ነበር።»

ከወዲያ ማዶ ሽማግሌው ቤተሰቡን፣ «እስቲ ለኪኒኔ ውሃ አቀብሉኝ» ሲሉ ተሰማ።