ያልነበረ ደመና

ፎቶ አንሺ ፊት ቆሞ ቀይ መሆን የማይፈልግ ሰው አላየሁም። ጠይሙ «ትንሽ አፍካልኝ» ይላል፤ ቀዩም ያንኑ ይላል። ወረታ ላይ ፎቶ ቤት ከፍቼ ስንቱን አፈካሁ! የቄሶቹንማ ተዉት፤ ከዚያ ሁሉ ነጭ ጥምጥም ሥር ፊታቸውን ፍለጋ ስንት ደክሜያለሁ።

የእኔ ልብ ግን ሜዳው ላይ ነበር። ክረምት ፎገራ ላይ ውኃ ሲተኛ ሰማዩም ምድሩም አንድ ነጭ ይሆናል። ያን ሳነሳ ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል። ከደጁ ወጥቶ የሚያየውን ሜዳ በወረቀት ማን ይፈልገዋል?

ፈላጊ መጣ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ይባላሉ፤ የቁሐር ሚካኤል ሰው ናቸው። ነሐሴ ላይ ውኃ የከበባትን ጥጃ እንዲያመጣ አንድ ለእናቱ የሆነውን ልጃቸውን አበጀን በታንኳ ልከውት፣ ሳይመለስ ቀረ። እኔ ያን ዕለት ጠዋት ከዳር ቆሜ ሜዳውን ሳነሳ አይተውኝ ኖሯል። አበጀ በዕድሜው ፎቶ ተነስቶ አያውቅም። «እዚያ ውስጥ ካለ አውጣልኝ» አሉኝ።

ነበረ። ከነጩ መሀል ጭረት የምታህል፣ እሷም የደበዘዘች።

ቀይ መስታወት ያለበትን ማሾዬን ለኩሼ ፎቶ ወደማጥብበት ጨለማ ክፍል ገባሁ። የእኛ ሙያ የተገላቢጦሽ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ብርሃን በበዛ ቁጥር ይጠቁራል። ብርሃን ስጨምር ልጁ ጎላ፤ ውኃውና ሰማዩም አብረው ከሰሉ። ውኃውን በመዳፌ እየጋረድሁ አተረፍሁት። ሰማዩን ግን ለሚዛኑ ብዬ ጨመርሁበት። በጉና ተራራ በኩል ዶፍ ያረገዘ ደመና ወጣልኝ! ሰማይ ራሱ እንዲህ ያለውን ሠርቶ አያውቅም ብዬ ኮራሁ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ መጀመሪያ ያዩት ልጁን አልነበረም። ይህ የየት አገር ሰማይ ነው ብለው ጠየቁኝ። ልጁ እንዲጎላ ብዬ ነው አልሁ፤ ስለ ሚዛንም ትንሽ ተናገርሁ፣ አፌ ይቆረጥ።

«ኧረ ልጄ፣ ያን ለት ፀሐይ ነበር እኮ» አሉ። «ዝናቡ የጣለው ላይ ደጋውን ነው፤ ርብ ወንዝ ሞልቶ የመጣብን በጠራራ ነው። ሰማዩን እንዲህ ጠቁሮ ባየውማ ልጄን እልከው ነበር?»

ልጃቸውን አወጣለሁ ብዬ በእናቲቱ ላይ የሚመሰክር ደመና አቁሜ ኖሯል። አዘንሁ፤ አፈርሁም።

ተመልሼ ገባሁና እንደገና አተምሁት፤ ነጩን ከነነጭነቱ። አበጀን እኔው ራሴ በማጉያ መነፅር ፈልጌ አጣሁት።

ሁለቱንም ሰጠኋቸው። ልጁ የሚታይበትን እኔው ጋ ትተው፣ የማይታይበትን በነጠላቸው ጠቅልለው ሄዱ።